ዙሩ ገና አላለቀም

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለእርሱ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ንግግራችን መነሻ ከደብረ ታቦር አንዲት እናት የላኩልን ጥያቄ ነው። ልጃቸው 22 ዓመቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ጋይንት ድረስ በመጣ ጊዜ ከትምህርቱ ተስተጓጎለ። ደግሞ ቀጠለ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ሲነሳ እንደገና አቋረጠ። በመሐል የቀን ሥራ ሠራ፣ በገበያ ቀን ዕቃ ተሸከመ። አሁን ግን «ወደ 11ኛ ክፍል ልመለስ» ይላል። ከታናሽ እህቱ እኩዮች ጋር ሊቀመጥ ነው ማለት ነው። ጎረቤቱም ዘመዱም «ተዪው፣ ጊዜው አልፎበታል፤ ይልቅ ሥራ ይያዝ» ይላቸዋል። እናቲቱም «እኔስ ምን ልበለው?» ብለው ጠየቁን።

ይህ ጥያቄ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በፋርጣም፣ በእስቴም፣ በሊቦም፣ በወረታም በየቤቱ ያለ ጥያቄ ነው። ስለዚህ መልሱን በችኮላ ከመስጠት፣ አባቶቻችን በሬዲዮ ከሰሙት አንድ ታሪክ ብንነሳ ይሻላል። ታሪኩ የሩጫ ነው። «የዲን ዝግጅት ላይ ሩጫ ምን አመጣው?» የሚል ቢኖር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር እሽቅድምድም እንደሮጡ በሐዲስ ተዘግቧል። በመጀመሪያው እርሷ ቀደመቻቸው። ከጊዜ በኋላ፣ ሰውነቷ ከበድ ካለ ወዲህ፣ ዳግም ሮጡና እርሳቸው ቀደሙ። ያን ጊዜ በፈገግታ ይህኛው በዚያኛው ተካካሰ አሏት። እንግዲህ በተባረከው ቤት ውስጥ እንኳ አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ቆይቶ ተመልሶ መሮጡ ነውር አልነበረም።

ያመለጠው ሩጫ

ማርሽ ቀያሪው ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር በአየር ኃይል ውስጥ ያደገ ሯጭ ነው። በሐምሌ 1963 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ደርሃም በተባለ ከተማ የአፍሪካና የአሜሪካ ሯጮች ተገናኙ። ምሩጽ በ5,000 ሜትር እየመራ ሳለ ዙሩን ተሳሳተ። የመጨረሻው ዙር መስሎት ባለ በሌለ ኃይሉ ሮጦ ጨረስኩ አለ። ገና አንድ ዙር ይቀረው ነበር። ድሉም ለሌላ ሆነ። እርሱ ግን አንገቱን ደፍቶ አልቀረም፤ በማግስቱ በ10,000 ሜትር ተሰልፎ አሸነፈ።

አድማጮቻችን ይህን የዙር ስሕተት በልባችሁ ያዙልን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

በዓመቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ መጣ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1972፣ በእኛ 1964 ዓ.ም. ነው። በ10,000 ሜትር ፊንላንዳዊው ላሲ ቪረን በመሐል ወድቆ ተነሥቶ፣ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ምሩጽ የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ተስፋው ሁሉ በ5,000 ሜትሩ ላይ ነበር። ነገር ግን የማጣሪያው ሰዓት ሲደርስ ምሩጽ መነሻው ላይ አልተገኘም። ሩጫው ያለ እርሱ ተካሄደ። ስለ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ብዙ ተወርቷል። እርሱ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ ሆን ብለህ ነው ያልሮጥከው ተብሎ እንደታሰረ ሲናገር ኖሯል። በእስር ቤትም ልምምዱን አልተወም። በጥር 1965 ዓ.ም. ሌጎስ ላይ በተደረገው የመላው አፍሪካ ጨዋታ ተሰልፎ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር አመጣ።

ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ያለ ጥፋታቸው ወህኒ ወርደው ዓመታት እንደቆዩ እናውቃለን። በወህኒ ሳሉ ከእጃቸው የነበረውን ሥራ አልጣሉም። ወደ አላህ ተጣሩ፣ ሕልም ፈቱ፣ የታሰረውን አጽናኑ። ከወህኒ ሲወጡ የሚሾሙ ብቁ ሰው ሆነው የተገኙት ለዚህ ነው። የነቢያትን ደረጃ ማንም አይደርስበትም። ሆኖም መማሪያ እንዲሆነን ነው ታሪካቸው የተነገረን።

የተዘጋው በር

ምሩጽ አራት ዓመት ጠበቀ። በ1968 ዓ.ም. ክረምት የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ደረሰ። በዚያ ወቅት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በዘር መድልዎ ትገዛ ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ተጫውቶ ነበር። ኒውዚላንድ ከውድድሩ ካልተከለከለች አንሮጥም ብለው ወደ ሠላሳ የሚጠጉ አገሮች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ ከኦሊምፒኩ ቀሩ። ኢትዮጵያም ቀረች። አቋሙ ለተገፉት ወንድሞቻችን የተወሰደ የፍትሕ አቋም ነበር። ዋጋውን ግን የከፈሉት ሯጮቹ ናቸው። ላሲ ቪረን በሞንትሪያል ሁለቱንም ርቀት ዳግም አሸነፈ። ምሩጽ አገሩ ሆኖ ሰማ።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ሙኒክ በስሕተት አመለጠው። ሞንትሪያል በአገር ውሳኔ ተዘጋበት። የሚቀጥለው ኦሊምፒክ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ዕድሜውም እየገፋ ነው። በመዝገብ የተያዘለት የትውልድ ዘመን እንደ ፈረንጆቹ 1944 ነው፤ ሰዎች ግን ከዚያም ይበልጣል ይሉ ነበር። ጋዜጠኞች ዕድሜውን በጠየቁት ቁጥር፣ ዶሮዬንም በጌንም ሊሰርቁኝ ይችላሉ፣ ዕድሜዬን ግን የሚሰርቀኝ የለም እያለ በቀልድ ይሸኛቸው ነበር። የደብረ ታቦር ጎረቤቶች እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ለምሩጽ እናትም «ተዪው፣ ጊዜው አልፎበታል» ባሏቸው ነበር።

እርሱ ግን የተዘጋውን በር ቆሞ ሲመለከት አልዋለም። በ1969 ዓ.ም. ዱሰልዶርፍ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ተሰልፎ 5,000ንም 10,000ንም አሸነፈ። በ1971 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫው እንደገና ተዘጋጀ። ቦታው የት ይመስላችኋል? ከሦስት ዓመት በፊት ሊሮጥባት ያልታደለባት ሞንትሪያል፣ ያው የኦሊምፒክ ስታዲየም ነበር። ሁለቱንም ርቀት ደግሞ አሸነፈ።

መንገድ የለቀቀው ወንድም

በመጨረሻ ሞስኮ ደረሰች። አገሩን የሚያስደንቅ አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። ሩጫው ያመለጠው በፈረንጆቹ 1972 ነው፤ የተካሰው ደግሞ በእኛው 1972 ዓ.ም. ነው። ሶቪየት ኅብረት ሙስሊም አገር የሆነችውን አፍጋኒስታንን በመውረሯ አሜሪካና ብዙ አገሮች ወደ ሞስኮ አልሄዱም። ኢትዮጵያ ሄደች። ወሩ የረመዳን ወር ነበር፤ 1400 ዓመተ ሂጅራ። በሙስሊሙ ቤት ሬዲዮው የተከፈተው በጾም አፍ ነው ማለት ነው።

በአሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ ከሚመራው ቡድን ለ10,000 ሜትር ፍጻሜ ሦስት ሰዎች ተሰለፉ፤ ምሩጽ ይፍጠር፣ ቶሎሳ ቆቱ እና ሙሐመድ ከድር። ሐምሌ 20 ቀን ነበር። ከፊታቸው የቆመው ላሲ ቪረን ነው፤ በሁለት ኦሊምፒክ አራት ወርቅ የወሰደ ሰው። ኢትዮጵያውያኑ ለየብቻ አልሮጡም። እየተፈራረቁ መሩ፤ ፍጥነቱን አንዴ እያፈጠኑ አንዴ እያቀዘቀዙ የፊንላንዶቹን እግር አደከሙ። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር ምሩጽ ማርሹን ቀየረ። በ27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ ገባ። ፊንላንዳዊው ማኒንካ ሁለተኛ፣ ሙሐመድ ከድር በ27 ደቂቃ ከ44.7 ሰከንድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ ቆቱ አራተኛ ሆኑ። ላሲ ቪረን አምስተኛ ነበር።

ሐምሌ 25 ቀን የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ሆነ። ከስምንት ዓመት በፊት ያመለጠው ያ ርቀት ነው። የመጨረሻው ዙር ላይ ምሩጽ በውስጠኛው መስመር ተከቦ መውጫ አጣ። ከጎኑ አየርላንዳዊው ኮግላን አለ። ከፊቱ ያለው ደግሞ የገዛ ወገኑ ሙሐመድ ከድር ነው። ሙሐመድ መንገዱን ለቀቀለት። ምሩጽ በተከፈተው ቀዳዳ ተወርውሮ ወጣ። በ13 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ወርቁን ወሰደ። ታንዛኒያዊው ሱለይማን ኒያምቡዪ ሁለተኛ ሆነ። ሙሐመድ ከድር ከሜዳሊያው ውጪ ሆኖ ጨረሰ።

አድማጮች ሆይ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ምሩጽ አጨራረስ ነው። ተገቢም ነው። ነገር ግን ዘግይቶ የተመለሰ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ካልተለቀቀለት ብርታቱ ብቻውን ምን ያደርግለታል? በዚያ ሜዳ ላይ አንዱ ክርስቲያን ሌላው የሙስሊም ስም ያለው ሁለት የአንድ አገር ልጆች ነበሩ። አንዱ ተመልሶ መጣ፣ ሌላው በር ከፈተ። አንዲት ትንሽ ራዲዮ ደግሞ ይህን ሁሉ ወደ አርሲ አደረሰችው። የሰባት ዓመቱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአባቱ ሬዲዮ ሰምቶ ሯጭ ለመሆን እንደቆረጠ ደጋግሞ ተናግሯል።

መንገድ የለቀቀው ሰውስ የት ደረሰ? በመጋቢት 1973 ዓ.ም. ማድሪድ ላይ የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ተደረገ። ኢትዮጵያውያኑ ከፊት ሆነው እየመሩ ሳለ ያ የደርሃም ስሕተት ተደገመ። ዙሩን ተሳሳቱ። የመጨረሻው መስሏቸው በፍጥነት ሮጠው ቆሙ፤ ገና አንድ ዙር ቀርቷቸው ነበር። ሙሐመድ ከድር ስሕተቱ እንደገባው እንደገና ሩጫውን ቀጠለ፤ ተከታትሎም በአሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ቡድኑም በድምር ዋንጫውን አሸነፈ። በዓመቱ፣ በመጋቢት 1974 ዓ.ም.፣ ሮም ላይ ሙሐመድ ተመልሶ መጣ። አልቤርቶ ሳላዛርንና ሮድ ዲክሰንን አስከትሎ አንደኛ ሆነ። በዚያ ውድድር በአዋቂ ወንዶች በግል ያሸነፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብን። ታጋሽ ሁሉ የፈለገውን ያገኛል ብለን አንዋሽም። በ1976 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ቀረች። በ1980 ዓ.ም. ተወስኖም ከሴኡል ቀረች። ለሙሐመድ ከድር ከሞስኮ በኋላ የኦሊምፒክ በር አልተከፈተም። ምሩጽ የጠበቀው መጣለት፤ ሙሐመድ የጠበቀው አልመጣለትም። ቀደር ማለት ይህ ነው። ሰብር ደግሞ ዋጋው በሜዳሊያ የሚለካ አይደለም፤ ዋጋው አላህ ዘንድ ነው።

ዜሮ ያመጣው ተመላሽ

የዘገየ መመለስ በሌላም አገር አለ። ከሙስሊም ወንድሞቻችን አገር ከፓኪስታን አንድ ምሳሌ እንጨምር። ፓኪስታኖች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጨዋታ ክሪኬት ነው። ኳሱ ይወረወራል፣ በእንጨት መምቻ ይመታል፣ ነጥብ በሩጫ ይሰበሰባል። ቴስት የሚባለው ትልቁ ግጥሚያ እስከ አምስት ቀን ይፈጃል።

ፋዋድ ዓለም የተባለ የካራቺ ልጅ እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ሐምሌ ላይ በስሪላንካ ከተማ ኮሎምቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቴስት ተጫወተ። 168 ነጥብ አመጣ። ለጀማሪ ታላቅ ውጤት ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ሦስት ቴስት ብቻ ተጫውቶ ከብሔራዊ ቡድኑ ወጣ። ከዚያ በኋላ ፓኪስታን 88 ቴስት ስትጫወት እርሱ አልተጠራም። አኳኋኑ ያልተለመደ ነው፤ ደረቱን ወደ ወርዋሪው አዙሮ ነው የሚቆመው። እርሱ በአገሩ ውስጥ ውድድር እየተጫወተ በሺህ የሚቆጠር ነጥብ ሲሰበስብ ከረመ። የ24 ዓመት ወጣት ሆኖ የወጣው ሰው የተመለሰው በ34 ዓመቱ፣ በነሐሴ 2020፣ እንግሊዝ ውስጥ ሳውዝሃምፕተን ላይ ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቆ በተመለሰበት የመጀመሪያ ተራው ስንት ነጥብ አመጣ? ዜሮ። አንድም አላመጣም። ያን ቀን «አላልናችሁም?» ያለው ሰው ብዙ መሆኑ አይቀርም። በአራት ወሩ፣ በታኅሣሥ 2020፣ ኒውዚላንድ ውስጥ 102 አመጣ። በጥር 2021 በተወለደባት በካራቺ በደቡብ አፍሪካ ላይ 109 ደገመ።

ይህን ምሳሌ ያመጣነው ለዜሮዋ ስንል ነው። የሚመለስ ሰው የመጀመሪያው ቀኑ የድል ቀን ላይሆን ይችላል። ልጃችንም ወደ ክፍል በገባ በመጀመሪያው ፈተና ከታናሽ እህቱ እኩዮች ሊያንስ ይችላል። እጁ ዕቃ መሸከም ለምዷል፤ እስክርቢቶ መያዝን ዳግም እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያች ቀን ቤተሰቡ «ይኸው ነግረንህ ነበር» ካለው፣ አንድ መቶ ሁለቷን ሳያያት ይቀራል።

የሑደይቢያ መንገድ

ከሁሉ በላይ ግን የእኛ ምሳሌ ከመዲና ነው። በስድስተኛው ዓመተ ሂጅራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) 1,400 ያህል ባልደረቦቻቸውን አስከትለው ዑምራ ለማድረግ ወደ መካ ተጓዙ። ኢሕራም አድርገው፣ የሚሠዉ እንስሶችን እየነዱ ነበር የሄዱት። መካ ቅርብ ስትሆን፣ ሑደይቢያ ላይ፣ ቁረይሾች አገዷቸው። ስምምነት ተጻፈ፤ በዚህ ዓመት ትመለሳላችሁ፣ በሚመጣው ዓመት ግን ለሦስት ቀን ትገባላችሁ የሚል ነበር። ለባልደረቦቹ እጅግ ከበዳቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) እንኳ ለምን ብለው እስከመጠየቅ ደረሱ። ደጃፍ ላይ ደርሶ መመለስን የመሰለ ምን አለ?

በመልሱ ጉዞ ላይ ሱረቱል ፈትሕ ወረደች፤ ያ ሽንፈት የመሰለው ነገር ድል መሆኑን አበሠረች። በሰባተኛው ዓመት ተመልሰው ዑምራቸውን ፈጸሙ። በስምንተኛው ዓመት ከ10,000 ሰው ጋር መካን ከፍተው ገቡ። በሑደይቢያ የተመለሱት ሰዎች በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። ዳዕዋቸው ሰፋ፣ ለነገሥታት ደብዳቤ ተላከ፣ ቁጥራቸው በዛ። የዘገየው ቀን ሲመጣ ዝግጁ ሆነው አገኛቸው።

ለእናታችን

እንግዲህ እናታችን፣ ወደ እርስዎ ጥያቄ ተመለስን።

ምሩጽ በደርሃም፣ ኢትዮጵያውያኑም በማድሪድ የሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ሩጫው ሳያልቅ አልቋል አሉ። ጎረቤቶችዎ ክፉ አስበው አይደለም። ግን ዙሩን ተሳስተዋል። የ22 ዓመት ልጅ ዙሩ አላለቀም። ዙሩን የሚቆጥረው ሰው አይደለም፤ አጀል በአላህ እጅ ነው። እስትንፋስ ያለው ሰው ሁሉ ገና በሜዳው ላይ ነው።

ለልጅዎ ሦስት ነገር ይንገሩልን። አንደኛ፣ ኒያውን ያስተካክል፤ «አልፎበታል» ያሉትን ለማሳፈር ሳይሆን ለአላህ ብሎ፣ ወገኑን ለመጥቀም ይማር። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ወይም ምዝገባው እስኪደርስ ድረስ ዛሬ ማታ መጽሐፉን ይግለጥ። ምሩጽ በእስር ቤት ልምምዱን ባይቀጥል ኖሮ ሌጎስ ባልቀናውም ነበር። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ፈተና ዜሮ ቢያመጣ እንኳ አይበርግግ።

ለእርስዎና ለቤተሰቡ ደግሞ የሙሐመድ ከድር ድርሻ ይቀራችኋል፤ መንገድ መልቀቅ። ከገበያ ቀን በቀር ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለችውን ሰዓት ለእርሱ ተዉለት። የቀን ሥራውን ጨርሶ መተው ካልቻለ የማታ ትምህርት ይፈልግ። ታናሽ እህቱ ከሱ የተሻለ የምታውቀውን ሒሳብ ታሳየው፤ እርሱም ከእህቱ መማርን አይናቅ። አጎቱ ደግሞ ምክር ብቻ ሳይሆን ደብተር ይግዛለት። ልጁ ከጉና በሚወርደው ብርድ ሱብሒ ሰግዶ ሲወጣ «ወዴት ነህ?» ብሎ የሚስቅበትን ሰው፣ እናንተ በቤት ውስጥ አትድገሙት።

ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በካናዳ ቶሮንቶ አረፈ። ዕድሜው ስንት እንደነበር ሰዎች እስከ መጨረሻው ሲከራከሩ ነበር። እርሱ ለክርክሩ መልስ አልሰጠም፤ መሮጡን ብቻ ነው የሠራው።

አላህ (ሱ.ወ.) የተስተጓጎሉ ልጆቻችንን ወደ መልካም ነገራቸው ይመልስልን። ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። ሰብርን ከሥራ ጋር የምንይዝ፣ ለወንድማችን መንገድ የምንለቅ ያድርገን። አሚን።